የኡዳይፑር ሐይቆች ውሃ ከየት ይመጣል?

ሐምሌ ሲገባ በህንዷ ኡዳይፑር ከተማ አንድ ጥያቄ ከሰው አፍ አይጠፋም። «ፒቾላ ስንት ጫማ ደረሰ?» ሻይ የሚጠጣው ይጠይቃል፣ ባለሱቁ ይጠይቃል። የአካባቢው ጋዜጦችም የየሐይቁን ልክ እየተከታተሉ ያወጣሉ። ፒቾላ 11 ጫማ ሲነካ ሞላ ይባላል። ጎረቤቱ ፋቴህ ሳጋር የሚሞላው 13 ጫማ ላይ ነው። ቁጥሩ የሐይቁ ጠቅላላ ጥልቀት አይደለም። መለኪያው ላይ ከተሰመረው መነሻ በላይ የቆመው ውሃ ነው። ለከተማው ሰው ግን ዓመቱ እንዴት እንደሚያልፍ የሚያውቀው በዚህ ቁጥር ነው።

ሐይቁ ሞልቶ የግድቡ በር የሚከፈት ቀን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሕዝቡ ወጥቶ ዳር ዳሩን ይይዛል። የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ሻጮች ይደረደራሉ። ልጅ አባቱ ትከሻ ላይ ይወጣል። ከሐይቁ ሞልቶ የሚፈሰውን ውሃ «ቻዳር» ይሉታል። ቻዳር በሂንዲ አንሶላ ማለት ነው። ውሃው በግድቡ ጫፍ ላይ ሰፍቶ፣ እንደተዘረጋ ነጭ ጨርቅ ሆኖ ስለሚወርድ ነው እንዲህ ያሉት።

ሰው ሐይቅ ሞላ ብሎ ለምን እንደዚህ ይደሰታል? መልሱ ቱሪስቱ ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ነገር ነው። ኡዳይፑር «የሐይቆች ከተማ» ትባላለች። ፎቶዎቿን ያየ ሰው ተፈጥሮ ያደላት አገር ይመስለዋል። ከእነዚህ ስመ ጥር ሐይቆች ግን ተፈጥሯዊ የሆነ የለም። ሁሉም በሰው እጅ ተገድበው የተሠሩ ናቸው። የከተማዋን ውበት ለማወቅ ሐይቁን ማየት ይበቃል። ውሃዋን ለመረዳት ግን ከከተማው ወጥቶ ዙሪያዋን ያለውን ዲስትሪክት፣ እኛ ዞን እንደምንለው ያለውን አካባቢ ማየት የግድ ነው። እኔም እዚህ ላብራራ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኡዳይፑር የምትገኘው በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ በራጃስታን ግዛት ደቡብ ነው። ራጃስታን ሲባል ብዙ ሰው በረሃ ይታየዋል፤ ይህኛው ጥግ ግን ተራራማ ነው። አራቫሊ የሚባለው በጣም ያረጀ የተራራ ሰንሰለት ያልፍበታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በኮረብቶች የተከበበች ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። አካባቢው ጊርዋ ይባላል፤ ስያሜው በዙሪያው ካለው የኮረብታ ቀለበት ጋር የተያያዘ ነው።

ከተማዋን የቆረቆሩት የሜዋር መንግሥት ገዥ ማሃራና ኡዳይ ሲንግ 2ኛ ናቸው። ማሃራና የሜዋር ነገሥታት ማዕረግ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የምሥረታ ዓመት 1559 ነው። እንደሚተረከው ንጉሡ ለአደን ወጥተው ኮረብታ ላይ አንድ ባሕታዊ አገኙ። ባሕታዊውም «እዚህ ቦታ ቤትህን ሥራ» አላቸው። ትረካው እንዳለ ሆኖ፣ ምርጫው የብልህ ምርጫ ነበር። የሜዋር የድሮ ዋና ከተማ ቺቶርጋር ሜዳ ላይ ብቻውን በቆመ አምባ ላይ ያለ ምሽግ ነው። ጠላት ከቦ ሊያስርበው ይችላል። ሰሜን ህንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት አክበርም ከ1567 እስከ 1568 ለወራት ከብቦ ያዘው። ኡዳይፑር ግን በተራሮች ተከልላለች፤ ውሃም አላት።

ውሃው እዚያ የጠበቃቸው አንድ ነጋዴ ከእነሱ በፊት ስለሠራው ነው። ባንጃራ የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ፤ በበሬ እህልና ጨው ጭነው አገር ለአገር የሚያመላልሱ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ባንጃራ ጅረት ላይ ትንሽ ግድብ አበጀ ይባላል። ፒቾላ ከዚያ ተነሣ። ስሙን ያገኘው አጠገቡ ከነበረው ፒቾሊ መንደር ነው። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ኡዳይ ሲንግ መጡና ግድቡን በድንጋይ ግንብ አጠናክረው ሐይቁን አሰፉት። ዛሬ ፒቾላ ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ ዝነኛ ነጭ ቤተ መንግሥት፣ ጃግ ኒዋስ፣ የቆመው መሐል ደሴት ላይ ነው። ማሃራና ጃጋት ሲንግ 2ኛ ከ1743 እስከ 1746 ያሠሩት ሲሆን ከ1963 ጀምሮ ሆቴል ሆኗል።

እንግዲህ ወደ ውሃው እንግባ።

ኡዳይፑር በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ይህ ብዙ አይደለም። ከባዱ ነገር ደግሞ አመጣጡ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ባሉት የሞንሱን (የክረምት ዝናብ) ወራት ሁሉም ተጠቃሎ ይወርዳል። የቀረው ስምንት ወር ደረቅ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ጥያቄው «ውሃ አለ ወይ?» ሳይሆን «በአራት ወር የወረደውን ለዓመት እንዴት አድርጌ ላቆየው?» የሚል ነው። የሜዋር ሰዎች መልስ ግድብ ነው። አንድ ግድብ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሲሞላ ለሌላው የሚያቀብል የግድቦች ሰንሰለት ነው።

ሰንሰለቱን ከላይ ወደ ታች እንከተለው። ከምዕራብ ኮረብቶች ሲሳርማ የምትባል ወንዝ ትመጣለች። በጋ ላይ ብታያት ወንዝ አትመስልም፤ ጠጠር ነች። ክረምት ላይ ግን ፒቾላን የምትሞላው እሷ ነች። ፒቾላ ሲሞላ በሰሜን በኩል ውሃውን ለትናንሾቹ፣ ለራንግ ሳጋርና ለስዋሩፕ ሳጋር ያካፍላል። «ሳጋር» ባሕር ማለት ነው፤ ትንሿንም ኩሬ በፍቅር ባሕር ይሏታል። ከስዋሩፕ ሳጋር ደግሞ በቦይ ወደ ፋቴህ ሳጋር ይሻገራል። ፋቴህ ሳጋር ሌላም የራሱ ምንጭ አለው። በስተሰሜን ማዳር ከሚባሉ ሁለት ግድቦች፣ ከትልቁና ከትንሹ፣ ሞልቶ የተረፈው በቦይ ተመርቶ ይመጣለታል። የኡዳይፑር ሰው ማዳር ሞላ ሲባል የሚደሰተው ለዚህ ነው። ማዳር ሞላ ማለት ቀጣዩ ተራ የፋቴህ ሳጋር ነው ማለት ነው።

ሁሉም ሞልተው በሮቹ ሲከፈቱስ? ውሃው አያድ ወደምትባለው ወንዝ ይገባል። አያድ ከተማዋን አቋርጣ ትወርድና በምሥራቅ በኩል ኡዳይ ሳጋር የሚባል ሐይቅ ትገባለች። እሱንም ያሠሩት ያው ኡዳይ ሲንግ ናቸው። ከዚያ በኋላ ወንዟ ስሟን ቀይራ ቤራች ትባላለች። ቤራች ባናስ ውስጥ፣ ባናስ ቻምባል ውስጥ፣ ቻምባል ያሙና ውስጥ፣ ያሙና ጋንጀስ ውስጥ ይገባሉ። ፒቾላ ላይ የተረፈች ጠብታ፣ መንገድ ላይ ካልቀረች፣ አገር አቋርጣ ሄዳ የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ትደርሳለች።

አሁን አስገራሚው ነገር ይመጣል። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ ትንሽ ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ሸንተረሩን ብትሻገሩ፣ እዚያ የሚወርደው ዝናብ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል። ዋካል የሚባል ወንዝ ይገባል፣ ዋካል ሳባርማቲን ይቀላቀላል፣ ሳባርማቲ ደግሞ ወደ ጎረቤቱ ጉጃራት ግዛት ወርዶ አረቢያ ባሕር ይገባል። የህንድ ታላቁ የውሃ መለያያ ከከተማዋ ደጃፍ ላይ ነው የሚያልፈው። እንጦጦን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም፤ በሰሜን ፊቱ የወረደው ወደ ዓባይ፣ በደቡብ ፊቱ የወረደው ወደ አዋሽ እንደሚሄደው ማለት ነው።

ከተማዋ እያደገች ስትመጣ የራሷ ኮረብቶች ውሃ አልበቃ አላት። ዓይኗን ከሸንተረሩ ማዶ ጣለች። ዴዋስ የሚባለው ፕሮጀክት የተወለደው እንዲህ ነው። በሳባርማቲ ተፋሰስ በኩል ግድብ ይሠራና፣ ተራራው ተፈልፍሎ፣ ውሃው በዋሻ ወደዚህኛው ወገን ይመለሳል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ1970ዎቹ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ፣ አኮድራ በሚባለው ግድብና 11 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ፣ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። በዋሻው የመጣው ውሃ ሲሳርማ ውስጥ ይለቀቅና ፒቾላ ይገባል። ዝናቡ ከቆመ በኋላ ፒቾላ እየጨመረ ከታየ ሰው «ዴዋስ ተከፍቷል» ይላል። ወደ አረቢያ ባሕር ሊሄድ የነበረ ውሃ ተራራ ሰንጥቆ መጥቶ የቤንጋል መንገደኛ ሆነ ማለት ነው።

በዚያው ወገን ማንሲ ዋካል የሚባል ሌላ ግድብ አለ። እሱን የሠሩት የራጃስታን መንግሥትና ሂንዱስታን ዚንክ የተባለው የማዕድን ኩባንያ በጋራ ነው። ውሃው ተስቦ ወደ ከተማው ቧንቧ ይገባል፤ ኩባንያውም ድርሻውን ይወስዳል። ኩባንያው ለምን ውሃ እንደፈለገ ትንሽ ቆይተን እንመለስበታለን።

ከዚያ በፊት ስለ ሁለቱ ግዙፍ ሐይቆች ልናገር። እነዚህን ካልጠቀስኩ ነገሩ ጎዶሎ ነው።

ከከተማዋ በስተሰሜን 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ራጅሳማንድ አለ። ድሮ የኡዳይፑር ዲስትሪክት አካል ነበር፤ በ1991 የራሱ ዲስትሪክት ሆነ። ሐይቁን ያሠሩት ማሃራና ራጅ ሲንግ 1ኛ ሲሆኑ ሥራው ከ1662 እስከ 1676 ፈጀ። ልብ የሚነካው ምክንያቱ ነው። ዝናብ ጠፍቶ ረኃብ ገብቶ ነበር። ንጉሡ ለተራበው ሰው ሥራ ሰጡ፤ ሰውም ግድቡን እየሠራ በላ። በእኛ አነጋገር ምግብ ለሥራ ነው፣ ያውም ከ350 ዓመት በፊት። ግድቡ ላይ 25 ትልልቅ የድንጋይ ሰሌዳዎች ቆመዋል። በሳንስክሪት ግጥም የሜዋርን ታሪክ ይተርካሉ፤ በህንድ ካሉት እጅግ ረጃጅም የድንጋይ ጽሑፎች አንዱ ነው። ግድብ ላይ የአገር ታሪክ መጻፍ! ለእነዚህ ሰዎች ውሃ ማቆየት ምን ያህል የመንግሥት ትልቁ ሥራ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ሁለተኛው ጃይሳማንድ ነው፤ ዴባር ተብሎም ይጠራል። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የራጅ ሲንግ ልጅ ጃይ ሲንግ ከ1685 እስከ 1691 አሠሩት። ጎማቲ የምትባል ወንዝ ሁለት ኮረብቶች መሐል በምታልፍበት ጠባብ ቦታ ላይ ነው የተገደበው። ግንቡ ርዝመቱ ከ300 ሜትር በላይ፣ ከፍታው 35 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ውሃው የሚወርዱት ደረጃዎች እብነ በረድ ናቸው፤ ጠርዙ ላይ ኩምቢያቸውን ያነሡ የድንጋይ ዝሆኖች ቆመዋል። ለዘመናት ከዓለም ትልልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቆች አንዱ ነበር። በ1902 የተጠናቀቀው የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ የዓባይን ውሃ እስኪያቁር ድረስ ስሙ ከፊት ይጠራ ነበር።

የጃይሳማንድ ግድብ አሠራር ትኩረት ይሻል። አንድ ግንብ አይደለም። ከፊተኛው ግንብ ጀርባ ሌላ ሁለተኛ ግንብ አለ። የመጀመሪያው ቢሰነጠቅ ሁለተኛው እንዲይዝ ነው። በመሐላቸው የነበረው ክፍተት ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ቆየ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው ማሃራና ሳጃን ሲንግ በአፈር ያስደለደሉት። በአካባቢው አባባል ይህን ሐይቅ «ዘጠኝ ወንዝና ዘጠና ዘጠኝ ጅረት» ይመግበዋል። ደሴቶቹ ላይ ሰው ይኖራል፤ ዋና መሬት ለመድረስ ጀልባ የግድ ነው። ዛሬ የጃይሳማንድ ውሃ በቧንቧ ኡዳይፑር ድረስ ይመጣል። ይህም ከማሂ ወንዝ ተፋሰስ የተወሰደ ነው፤ በተፈጥሮው ወደ አረቢያ ባሕር ይሄድ የነበረ። ስለዚህ የኡዳይፑር ሰው ቧንቧውን ሲከፍት የሦስት የተለያዩ ተፋሰሶች ውሃ ሊወርድለት ይችላል።

ወደ ከተማው ስንመለስ ፋቴህ ሳጋርን በቅርብ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ በ1680ዎቹ የተሠራው ግድብ በጎርፍ ተወሰደ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ማሃራና ፋቴህ ሲንግ እንደገና አሠሩት። ስሙም ከእሳቸው ነው። ከግድቡ በታች ሳሄሊዮን ኪ ባሪ የሚባል የሴቶች የአትክልት ሥፍራ አለ። ፏፏቴዎቹ ሲሠሩ ያለ አንዳች ሞተር ነበር። ሐይቁ ከአትክልቱ ከፍ ያለ ነው፤ ውሃው በቦይ ሲወርድ በራሱ ክብደት እየተገፋ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ከፍታ ብቻውን ሥራውን ይሠራል።

ሐይቁ ውስጥ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ደግሞ ነጭ ጉልላት ይታያል። ብዙ ሰው ቤተ መቅደስ ይመስለዋል። ፀሐይን የሚያጠና የሳይንስ ጣቢያ ነው፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እዚያ አለ። ለምን ሐይቅ ላይ? ቀን ላይ መሬት በፀሐይ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ይታወካል። አስፋልት ላይ አየሩ ሲርገበገብ ያያችሁት ማለት ነው። በዚያ በሚርገበገብ አየር ውስጥ ፀሐይን በቴሌስኮፕ ብታይ ምስሉ ይደበዝዛል። ውሃ ግን ቶሎ አይግልም። በዙሪያው ውሃ ያለበት ቴሌስኮፕ የተረጋጋ አየር ያገኛል። አንድ ማሃራና ለመጠጥና ለእርሻ ያቆየው ውሃ ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ ለፀሐይ ምርምር ጠቀመ።

ይህ ሁሉ የሚያምር ነው። ግን ሰንሰለት ነውና አንዱ ቀለበት ሲላላ ሁሉም ይላላል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዝናብ ተከታትሎ ከዳ። ፒቾላ እየሸሸ ሄዶ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ሆነ። ያ ነጭ ቤተ መንግሥት በደረቅ መሬት መሐል ቀረ። ጀልባ ያመላልስ የነበረበት ቦታ ላይ በእግርና በመኪና ተሄደ፤ ልጆች የሐይቁ ወለል ላይ ክሪኬት ተጫወቱ፤ ከብት ጋጠበት። የከተማው ሰው ይህን ሲያስታውስ ድምፁ የሚለወጠው በምክንያት ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጎብኚ ያበላት ከተማ ናት። ሐይቁ ከሌለ ጀልባ ቀዛፊው የለም፣ ሆቴሉ የለም፣ የጉድጓዱም ውሃ የለም። ሐይቁ ሲሞላ ከሥሩ እየሰረገ በዙሪያው ያሉትን ጉድጓዶች ይሞላልና። ይህን የማይታየውን ሥራውን ሰው ቶሎ ይረሳዋል።

የጠፋው ዝናቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የሰማይ ጉዳይ ነበር። ሌላው ግን የሰው እጅ ነው። ኮረብቶቹ ሲመነጠሩ ዝናቡ መሬት ሳይሰርግ ደለል ይዞ ይወርዳል። ደለሉ ሐይቁ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሐይቁ በጫማ ያው ቢመስልም የሚይዘው ውሃ ይቀንሳል። ኮረብታ ተቆርጦ ሆቴልና ሪዞርት ሲሠራ ውሃው ይመጣበት የነበረው መንገድ ይዘጋል። ዲስትሪክቱ የእብነ በረድ አገር ነው፤ ድንጋዩ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ዝቃጭ የተደፋበት ቦታ ሲደርቅ ውሃ የማያስገባ ልስን ይሆናል። ከሐይቆቹ ዳር ያሉ ቤቶችም ለብዙ ዓመታት ፍሳሻቸውን ወደ ሐይቅ ለቀቁ። ፍሳሹ ማዳበሪያ ሆኖ እንቦጭን አበቀለ። ጣናን ለሚያውቅ ሰው ስለ እንቦጭ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳው ከታች ያለው ኡዳይ ሳጋር ነው። አያድ የከተማውን ፍሳሽ፣ የፋብሪካውንም ተረፈ ምርት እየሰበሰበች የምታራግፈው እሱ ላይ ነበር። ከላይ ያሉት ሐይቆች ፎቶ ይነሣሉ፣ የታችኛው ይሸከማል። ይህ ፍትሕ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም አይነገርም።

ከተማዋ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው ለዓመታት ተሟገቱ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በሐይቅ ዳር ግንባታ ላይ ገደብ ተጣለ። የፍሳሽ መስመር ተዘረጋ። በ2014 በቀን 20 ሚሊዮን ሊትር የሚያጣራ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፣ ኋላም ሰፋ። የሠራው ያው የዚንክ ኩባንያ ነው። እዚህ ላይ ነው ቅድም ያቆየሁት ጥያቄ መልስ የሚያገኘው። ዚንክ ማቅለጥ ብዙ ውሃ ይጠይቃል። ኩባንያው የከተማውን ፍሳሽ አጣርቶ ለማቅለጫው ይጠቀማል፤ በዚያው ልክ ንጹሑን ውሃ ለሰው ይተዋል። ገንዘቡ ስለሚያዋጣው ያደረገው ነው ቢባልም ሐሳቡ ጥሩ ነው።

ዚንክን ካነሣሁ ዛዋርን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከከተማዋ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ ቦታ ነው። ዚንክ አስቸጋሪ ብረት ነው። እንደ መዳብ ቀልጦ አይወርድልህም፤ 907 ዲግሪ ላይ ተንኖ አየር ላይ ይጠፋል። የዛዋር ሰዎች አውሮፓ ይህን ከማወቋ ከመቶዎች ዓመታት በፊት ዘዴውን አግኝተውት ነበር። በደበርጃን (ኤግፕላንት) ቅርጽ የሸክላ ዕቃ ይሠሩና ማዕድኑን ይሞሉበታል። አፉን ወደ ታች ደፍተው ምድጃ ላይ ይደረድሩታል። ከላይ ይነድዳል፤ ትነቱ ወደ ታች ወርዶ ቀዝቃዛው ቦታ ላይ ይረጋል። አንድ ዕቃ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ነው። የተጣለው ብዛት ተራራ ሆነ። ዛሬ ዛዋር ብትሄዱ የመንደር ቤት ግድግዳ በእነዚያ አሮጌ ሸክላዎች ተደርድሮ ተሠርቶ ታያላችሁ፤ ክብ ክብ ቂጣቸው ወደ ውጭ እየታየ። የህንድ የብረታ ብረት ታሪክ የቤት ግድግዳ ሆኗል።

የቀረኝ ስለ ሰዎቹ ነው። በ2011 ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 451 ሺህ ገደማ ሲሆን የዲስትሪክቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበር። (ከዚያ ወዲህ በ2023 ሳሉምበር ተለይቶ ወጥቷል።) ከዲስትሪክቱ ሰው ግማሽ ያህሉ የነባር ጎሳዎች ተወላጅ ነው፤ በተለይ ቢሎች። ቢሎች የእነዚህ ተራሮች የቆዩ ባለቤቶች ናቸው። ንጉሦቹ ከሙጋሎች ጋር ሲዋጉ ጫካውን የሚያውቁት፣ በቀስት የቆሙላቸው እነሱ ነበሩ። የሜዋር መንግሥት ዓርማ ላይ በአንድ በኩል የራጅፑት (የገዥዎቹ ወገን) ተዋጊ፣ በሌላ በኩል የቢል ቀስተኛ ቆሟል። እኩል ናቸው፤ ዓርማው ላይ።

ኑሮው ላይ ግን ሌላ ነው። ዋካል የሚፈስባቸው ጃዶልና ኮትራ የሚባሉ ቦታዎች ከዲስትሪክቱ ድሃ ከሚባሉት ናቸው። በጋ ላይ ሴቶች ውሃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። ዝናቡ ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው ለጉልበት ሥራ ወደ ጉጃራት ይወርዳል፤ ለጥጥ እርሻ፣ ለግንባታ። ካርታ ላይ ሳየው የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የዚያ አካባቢ ውሃ በዋሻ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ከተማው ይሄዳል፤ የዚያ አካባቢ ወጣት ወደ ምዕራብ ለሥራ ይሄዳል። አሁንም ሦስተኛና አራተኛ የዴዋስ ምዕራፍ ታቅዷል። ከተማዋ ውሃ ያስፈልጋታል፤ ማንም አይክድም። ግን ከላይ ያለው ገበሬ ኮረብታውን እንዲጠብቅ፣ ዛፉን እንዳይቆርጥ ከተፈለገ ከውሃው ገቢ እሱም ጋ የሚመለስ ነገር ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ። የሐይቁ ዕድሜ የተቋጠረው እሱ እጅ ላይ ነው።

በጥር 2025 ኡዳይፑር ኢንዶር ከምትባል ከተማ ጋር፣ እርጥበታማ መሬቶችን ለመጠበቅ በተደረገው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት፣ «የእርጥበታማ መሬት ከተማ» የሚል ዕውቅና ካገኙ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የህንድ ከተሞች አንዷ ሆነች። ያው ዓመት ሳይጋመስ ሌላ ዜና ተከተለ። በዚህኛው በራምሳር የእርጥበታማ መሬቶች ዝርዝር የገባው ከተማ አይደለም። ከኡዳይፑር በስተምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሜናር የሚባል የገጠር መንደር ነው። መንደሩ ሁለት ኩሬ አለው፣ ብራህም እና ዳንድ። ነዋሪዎቹ ማንም ሳያዛቸው ከድሮ ጀምሮ ዓሣ አያጠምዱበትም፤ ወፍ አያስነኩም። ክረምት የሞላው ውሃ በጋ ላይ እየሸሸ ሲሄድ የተጋለጠው መሬት ይታረሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሂማላያን በላዩ አቋርጠው የሚመጡ የዱር ዝይዎች እዚያ ያርፋሉ። እርሻው ውስጥ ገብተው ቡቃያ ይበላሉ፤ ገበሬው ያያቸዋል፣ አያባርራቸውም።